ምላጭ የማይነካው መስታወት

ይድረስ ለባሌ ለይኄይስ፤

እንደምን ሰነበትህ አልልህም፤ የሰነበትሁት እኔ ነኝ። ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ልጽፍልህ አስቤ አላውቅም፤ ለሞተ ሰው ከጸሎትና ከተዝካር ሌላ ምን ይላክለታል ብዬ ዝም ብዬ ኖርሁ። ከሦስት ቀን ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። ተቆጥቼብሃለሁ። መቃብርህ ድረስ ሄጄ እንዳልጮህብህ ማርቆስ ደጅ ሰው አይጠፋም፤ የመሪጌታ ልጅ አበደች ይባልና አባቴን አሳፍራለሁ። ስለዚህ ምላጬን ይዤ እቀመጥበት ከነበረው መስኮት ሥር ሆኜ እጽፋለሁ። መስማት ባትችል እንኳ እኔ ልናገረው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላድርስህ፤ ቁጣዬ የትም አይሄድብኝም።

ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ወጣ። አንድ ማለዳ ስንነሣ ከጓሯችን በላይ ያለው ምሽግ ጸጥ ብሏል። ለጥቂት ቀን ማንም ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም፤ ለምዶብን ኖሮ አንገታችንን ደፍተን ነበር የምናልፈው። አሁን ፍየል ይወጣበታል። አባቴ አሉ። ዓይናቸው ደክሞ ዳዊቱን በቃላቸው ነው የሚደግሙት፤ መጽሐፉን ግን አሁንም ጭናቸው ላይ ዘርግተው ቅጠሉን በየጊዜው ይገልጣሉ። እኔ ጥጥ እየፈተልሁ እኖራለሁ። ልጅ እንኳ ሳትተውልኝ ነው የሄድኸው፤ ይህንንም ከቁጣዬ ጋር ደምርልኝ።

ጠንበለላችንን ደግሞ ቆርጠውት ነበር። አንተ በሞትህ በሳምንቱ ከምሽጉ ፊት ለፊት ያለ አጥርና ተክል ሁሉ ይመንጠር ተባለና ሁለት ወታደሮች መጥረቢያ ይዘው መጡ። ነጭ አበባው እንደ ፈካ ነበር። ቆርጠው ሲጨርሱ አንደኛው አንዲት ዘለላ አንሥቶ አሸተተና ቆቡ ላይ ሰካት። ያን ሰው እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ። ሥሩን ግን አልነቀሉትም። ዘንድሮ አዲስ ሐረግ አውጥቶ ከአጥሩ በተረፈው አሮጌ እንጨት ላይ ወጥቷል፤ ከትናንት ወዲያም አምስት አበባ ፈካ። አምስቱንም ቆጠርኋቸው። መቁጠር ልማድ ሆኖብኛል፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ትሰማለህ።

ባለፈው ሰንበት ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። በዚህ አገር የወደቁ አርበኞችን ስም እያሰባሰቡ ነው። ይኄይስ ለአርበኞች በእሳት ምልክት ሲሰጥ የተገደለ ጀግና ነውና ስሙን እናስገባለን፥ አንቺም መስክሪ አሉኝ። ደሜ ፈላ። ያን ጊዜ ጣሊያኑ ሹም በአስተርጓሚ የነገረኝ ይህንኑ ነበር፤ ባልሽ ለሽፍቶች በእሳት ምልክት ሲሰጥ ተገደለ ነው ያለኝ። አሁን ሽፍታ የሚለውን አርበኛ በሚለው ለውጠው የእኛዎቹ ያንኑ ቃል ቤቴ ድረስ አመጡልኝ። አርበኛ ብትሆን ኩራቴ ነበር። ግን አልነበርህም። በሕይወት ሳለህ የጣሊያን ፎቶግራፍ አንሺ እያሉ ሰላምታ ሲነፍጉህ የነበሩ ሰዎች ናቸው ዛሬ ጀግና የሚያደርጉህ።

ባሌ ኮከብ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ነው የሞተ አልኋቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው አዝነውልኝ፥ “ልጄ፥ ይህን ለሰው አትንገሪ” አሉኝ።

እንዴት አልነግርም? ከአንተና ከእኔ በቀር ማንም የማያውቀው እሱ ብቻ ነው የቀረኝ።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በጠንበለሉ ነው፤ ታስታውስ እንደሆነ። ገና ጣሊያን ሳይገባ፥ ከአዲስ አበባ የፎቶግራፍ መኪናህን በበቅሎ ጭነህ በመጣህ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሰው ፎቶግራፍ ለመነሣት ይፈራህ ስለነበር ሥራ ፈትተህ ጓሮ ለጓሮ ትዞር ነበር። አንድ ቀን ከራስህ ላይ የምትከናነበውን ጥቁር ጨርቅ ከአጥሩ ጀርባ ወጥረህ አበባውን አነሣኸው። መኪናውን ከፍተህ እስክትዘጋው የምትቆጥርበት ሰዓት አልነበረህም። አቡነ ዘበሰማያት ነበር ሰዓትህ። ፀሐይ ሲሆን ይትቀደስ ስምከ ላይ ክዳኑን ትመልሳለህ፤ ደመና ሲሆን አሜን እስክትል ትጠብቃለህ። እኔ እየሳቅሁ ጸሎቱን በአበባ ላይ አባከንኸው ስልህ፥ አበባውንስ ማን ሠራው አልኸኝ።

ወረቀቱ ላይ የወጣው ግን አበባ አይመስልም ነበር። ጥቁር ጨርቁ ጨለማ ሆኖ፥ ጫፋቸው የሾለ ነጫጭ ነገሮች ተበትነውበታል። አባቴ ለዓይናቸው አስጠግተው፥ አርቀው፥ እንደገና አስጠግተው አዩትና፥ “ይህ የየትኛው ወር ሰማይ ነው?” ብለው ጠየቁ። ከዚያም ጣታቸውን እየሰነዘሩ፥ ተጠጋግተው የሚታዩትን ሰባቱን ከዋክብት ይፈልጉ ጀመር። አንተ አልሳቅህባቸውም። የሳቅሁት እኔ ነኝ። አንተ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰማይ ሰማይ ማየት አበዛህ። ለመሪጌታ እውነተኞቹን አሳያቸዋለሁ እያልህ ስትዝት ጣሊያን ገባ።

ከገባ በኋላ እንዴት እንደኖርን አንተ ታውቀዋለህ። ለይለፍ ወረቀት የሰው ሁሉ ፊት ይነሣ ተባለና ሹሙ የፎቶግራፍ መስታወት በሣጥን እየሰጠ ያሠራህ ጀመር። ያን የአገር ሰው፥ ግንባሩ ላይ ቁጥር ሊለጠፍበት ወንበርህ ላይ ተራ በተራ ሲቀመጥ አየሁ። አንተ ታነሣለህ፥ አጥበህ ታወጣለህ፤ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ መስታወቱን አጠራለሁ። ሥራውን ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። መስታወቱ ላይ ነገር ሁሉ ተገልብጦ ነው የሚወጣው፤ ነጩ ጥቁር፥ ጥቁሩ ነጭ ነው። መስታወቱ ላይ ጥቁር ነቁጥ ካለ ወረቀቱ ላይ ነጭ ቡግር ሆኖ ይወጣልና፥ እኔ በማጉያ እያየሁ በምላጭ ጫፍ ነቁጡን ፍቄ አነሣዋለሁ። እጄ ቀጥ ያለ ነበር። ሰው ሁሉ ይህን ከፊቴ ላይ አጥፊልኝ እያለ ይለምነኝ ነበር። ነቁጥ ያለበት መስታወት ከእኔ እጅ ወጥቶ አያውቅም ብዬ እመካ ነበር፤ እግዚአብሔር የሰማኝ ይመስለኛል።

ከራስህ መስታወት፥ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ከገዛኸው፥ ሁለት ብቻ ቀርቶህ ነበር። አንዱን በኅዳር፥ ገና አመሻሹ ላይ፥ ጓሮ ወጥተህ ወደ ሰባቱ ከዋክብት አቀናህ። ሦስት አቡነ ዘበሰማያት ያህል ከፍተህ ዘጋህ። ከመሸ በኋላ ከቤት ውጭ እሳት ያየ ዘበኛ ሳይጠይቅ ይተኩስ የተባለ ትእዛዝ ነበረና፥ ያለ ምንም መብራት በዳበሳ ነው የሠራኸው። ያን ቀን ማንም አላየህም። አጥበህ አወጣኸው፥ አደረቅኸው፥ ለእኔም አሳየኸኝ። እዩልኝ የምትል መስለህ ፊትህ በርቶ ነበር። ሰባቱ ከዋክብት ናቸው፥ ተጠንቀቂልኝ ብለህ በነጋታው ወታደሮቹ ለይለፍ ሥራ ወደ ሉማሜ ይዘውህ ሄዱ።

እስቲ አሁን አንተው ፍረድ። ለአንዲት መስታወት አጥሪ ተጠንቀቂልኝ ማለት ምን ማለት ነው?

ማጉያዬን አንሥቼ አየሁት። መስታወቱ መኻል፥ የትንሿን ጣቴን ጥፍር በማታክል ቦታ ላይ፥ ጥቁር ነቁጥ ታጭቋል። ከዚያ ውጭም በመስታወቱ ዙሪያ ሁሉ ነቁጥ ነው። እንዲህ ያለ የቆሸሸ መስታወት አይቼ አላውቅም። የጓሮው አቧራ ነው አልሁ። ከዋክብቱ ሰባት ናቸው፤ ሰባት መሆናቸውን አባቴ በሕፃንነቴ ነግረውኛል፥ መጽሐፉም ይላል። እንግዲህ ሰባት ይበቃሉ። ደማቅ ደማቆቹን ሰባቱን መርጬ ተውሁና ሌላውን አንድ በአንድ ፋቅሁት። አንድ ሙሉ ቀን ሠራሁበት፤ ወገቤ ተቆረጠ። መስታወቱ እንዲጠራልህ፥ ስትመለስ እንድትደሰት ነበር። ከሠራሁት ሁሉ አብልጬ የወደድሁት ሥራ ያ ነው። አንተን ነበር የማስበው።

ተመልሰህ መጣህ። መስታወቱን ወደ መስኮቱ አንሥተህ አየኸው። ከዚያ ሳቅህ። ሳቅህ ሳቅህና መሬት ላይ ቁጭ አልህ፤ እንባህ ወረደ። እኔ እንደ ቂል ቆሜ አይሃለሁ። በዓይን የማይታዩ ብዙ ሌሎች በመኻላቸው አሉ፥ መኪናው ነው ያያቸው፥ አንቺ በምላጭ አጠፋሻቸው አልኸኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ብትሰድበኝ አለቅስና ይወጣልኝ ነበር። አንተ ግን ሳቅህብኝ።

እኔም የተናገርሁትን ተናገርሁ። አላምንህም፥ አቧራ ነው አልሁህ። መጽሐፉ ሰባት ያለውን አንተ በአንድ ሣጥን ልታበዛው ነው ወይ አልሁህ። እውነት ኮከብ ከሆኑ ሁለተኛ አንሣቸው፥ ከዚያው ቦታ ሆነህ አንሣቸው፤ ነቁጡ በሁለቱም መስታወት እዚያው በዚያው ቦታ ከወጣ አምንሃለሁ፥ አለዚያ እጄን አትንካው አልሁህ። መኪናው የቆመበት ሦስቱ እግር ላይ ድንጋይ አስቀምጬ ምልክት አድርጌአለሁ፥ ቀላል ነው አልኸኝ። እያፏጨህ ወጣህ። የመጨረሻውን መስታወት ነበር የያዝኸው።

ያቺ ሳምንት አርበኞች በቁይ በኩል ወታደር የገደሉባት ሳምንት ነበረች። ምሽጉ ላይ ዘበኛው ተደርቦ ነበር። አንተ ይህን ታውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር፤ ተናድጄ ስለነበር ግን አልከለከልሁህም። ድንጋዮቹን በጨለማ ልታገኛቸው ስላልቻልህ ክብሪት ጫርህ። በማለዳ ተቃጥሎ የተጣለውን እንጨት አገኘሁት። ለሰባቱ ከዋክብት ብለህ አልነበረም የጫርኸው፤ ከዚያው ቦታ ብዬ ስላልሁህ ነው።

አንድ ጥይት ነበር። እኔ ወደ በሩ ሮጥሁ። አባቴ ቀድመውኝ ኖሮ ጀርባቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ቆመዋል። እኒያ ድምፃቸውን በልጃቸው ላይ ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰውዬ፥ ብትወጪ ይገድሉሻል፥ አንድም ቃል አትናገሪ ብለው ክንዴን አጥብቀው ያዙኝ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አዳመጥሁ። ከውጭ ምንም ድምፅ የለም። አንድ ቃል፥ አንድ ማቃሰት የለም። አባቴ ቆይተው፥ “ወዲያው ነው ያረፈ፥ ልጄ፤ ቢኖር ይጣራ ነበር” አሉኝ። አመንኋቸው። ሲነጋ ከጠንበለሉ ሥር ወድቀህ አገኘንህ። መኪናው በሦስት እግሩ እንደ ቆመ ነው። የዓይኑ ክዳን ተከድኗል። ክዳኑን በዓይኔ አይቼዋለሁ፥ ግን ያን ጊዜ ምን አስተዋልሁ!

ወታደሮቹ ሳይደርሱ አንድ ነገር አደረግሁ። ማኅደር የምንለውን፥ መስታወቱ ብርሃን እንዳያገኘው የሚቀመጥበትን ጥቁር ሣጥን፥ ከመኪናው ጀርባ መዝዤ ቀሚሴ ውስጥ ደበቅሁት። እነሱ መኪናውን ወሰዱ፤ መትረየስ መስሎን ነበር አሉ። እኔ ማኅደሩን በጨርቅ ጠቅልዬ ጎታው ውስጥ፥ ጤፉ ሥር ቀበርሁት። ያልታጠበ መስታወት ነው። ማጠቢያው መድኃኒት በጣሊያኖቹ እጅ ብቻ ነበረና ሦስት ዓመት ከአምስት ወር እንዲሁ በጨለማ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ሲያጽናናኝ፥ እንኳን ሳይሠቃይ ሄደ ይለኝ ነበር። እኔም እሱን ይዤ ነው የኖርሁት። ሳይሠቃይ ሄደ። እላለሁ፥ እፈትላለሁ።

ጣሊያን ሲወጣ ሕዝቡ መጋዘኑን ሰበረ። ሰው ዱቄትና ብርድ ልብስ ይሸከማል፤ እኔ ጠርሙስ እየከፈትሁ አሸታለሁ። ሴቶቹ ሳቁብኝ። ምስሉን የሚያወጣውን አጥቢውንም፥ የወጣው እንዳይጠፋ የሚያጸናውን አጽኚውንም በጠረናቸው ለይቼ አገኘሁ፤ አፍንጫዬ አልረሳውም። እሑድ ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ቂሙ አላስቀምጥ ስላለኝ፥ ያን ምሽት ኩራዙን በቀይ ጨርቅ ሸፍኜ ማኅደሩን ከጎታው አወጣሁት። እንዳስተማርኸኝ ሣህኑን በቀስታ እየወዘወዝሁ አጠብሁት። የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ ነቁጦቹ በቦታቸው መኖራቸውን አይቼ፥ አሁን አመንሁህ ልልህ ነው።

ነቁጥ አልወጣም። መሥመር ወጣ።

መጀመሪያ ጫርሁት፥ አበላሸሁት ብዬ ልሞት ነበር። ደረቀና በማጉያ አየሁት። መኻል ላይ፥ ያች የጥፍር ስፋት በነበረችው ቦታ፥ ሸማኔ የዘረጋው ድር የመሰለ አሥራ አራት ቀጫጭን መሥመር ጎን ለጎን ተዘርግቷል። የፊተኛውን መስታወት አመጣሁና ከላዩ ደረብሁት። ሰባቱ እኔ የተውኋቸው ነቁጦች በሰባቱ መሥመር ራስ ላይ ተቀመጡ። የቀሩት ሰባት መሥመሮች ራስ ላይ ደግሞ ያለው የእኔ ምላጭ የፋቀው ጭረት ነው። አንድም አልሳተ። ኮከብ ናቸው፥ ይኄይስ። አመንሁህ። እጄንም አልተሳሳተም ብዬ አልከላከልለትም።

ግን ለምን መሥመር ሆኑ? አንተው ነግረኸኝ ነበር፤ ያን ቀን እየሳቅህ፥ ከዋክብት ይሄዳሉ፥ መኪናው ተከፍቶ ከቆየ እየተሳቡ ይወጣሉ ብለኸኛል። የፊተኛው ሦስት አቡነ ዘበሰማያት ነው፤ ነቁጡ የአንድ ጤፍ ቅንጣት ያህል ነው። ጤፍ አመጣሁ። ከመሥመሩ ራስ እስከ ጫፉ በመርፌ እየገፋሁ ቅንጣቶቹን አያይዤ ደረደርሁ። ሠላሳ ገባ። ሠላሳ ጊዜ ሦስት ዘጠና ነው። ደግሜ ደረደርሁት፤ ያው ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አባቴን እጃቸውን ይዤ ጓሮ አወጣኋቸውና ከጠንበለሉ አጠገብ አስቀመጥኋቸው። መቁጠሪያዎን ይቁጠሩልኝ አልኋቸው፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኋቸውም። አንተ ከወደቅህበት ቦታ ተቀምጬ እንደ አንተ፥ ሳልቸኩል፥ አቡነ ዘበሰማያት እስከ አሜን እያልሁ ደገምሁ። አሥር ስደርስ አንገቴ ዛለ። ሠላሳ ስደርስ የጎረቤት ላም ከውኃ ተመለሰች። ስልሳ ስደርስ ድምፄ ተዘጋ። ዘጠና እስኪሞላ ድረስ ጥላው ከአንዱ አጥር እንጨት ወደ ሌላው ተሻግሮ ነበር። ከዚህ ላይ ሦስቱን ልቀንስልህ፤ ዘበኛው ክብሪቱን አይቶ አነጣጥሮ እስኪተኩስ አንተ መኪናውን ከፍተህ ነበር፥ ጥይቱም የመጣው ሦስቱን ሳትጨርስ ነው፤ ብትጨርስማ ዘግተህ ትገባ ነበር። ሰማንያ ሰባት ቀረ። ሰማንያ ሰባት አቡነ ዘበሰማያት እዚህ መሬት ላይ በሕይወት ነበርህ። ከዚያ ተነሥተህ ክዳኑን ከደንህ።

ለአባቴ ነገርኋቸው። ጮኼ ነው የነገርኋቸው። በሩ ላይ የቆሙት እርስዎ ነዎት፥ ወዲያው ነው ያረፈ ያሉኝ እርስዎ ነዎት አልኋቸው። መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ፥ “ብትወጪ ኖሮ ሁለት እቀብር ነበር” አሉኝ። እራታቸውን አቅርቤ ሳላናግራቸው ተኛሁ።

አሁን ከአንተ ጋር ያለኝን ልጨርስ። ከወደቅህበት እስከ በሩ ስምንት እርምጃ ነው። አሁን ተራምጄ መጣሁ፤ ስምንት ነው። እኔ ከበሩ ኋላ ነጠላ ጎርሼ አንድ ቃል እጠብቃለሁ። ስሜን ብትጠራ፥ ብታቃስት እንኳ፥ እሰማህ ነበር። ሰማንያ ሰባት ጊዜ አባታችን ሆይ የሚያስብል ጊዜ ነበረህ። አንድ ጊዜ ስሜን ለመጥራት አልበቃህም? ለመስታወቱ ተነሥተህ ለእኔ አልተነሣህም? ሦስት ሌሊት እንዲህ እያልሁ ነው ያደርሁት። ከሚስቱ መስታወቱን የወደደ ሰው ነው እያልሁ ሰደብሁህ።

ስድቤን ስጨርስ ግን የማውቀውን አወቅሁ። ብትጠራኝ እወጣ ነበር። አባቴን ገፍትሬ፥ በሩን ሰብሬ እወጣ ነበር። ያን ከአባቴ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። አውቀህ ነው ዝም ያልኸው። ለዚህ ላመሰግንህ ይገባኝ ይሆናል፤ አልችልም። እኔን ሳትጠይቅ ወስነህ እዚህ ትተኸኛል። ልክ ነህ፥ እና ይቅር አላልሁህም። ሁለቱንም አብሬ ተሸክሜ እኖራለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የአሥራ አራቱ መሥመር ጫፍ ቀጥ ብሎ አያልቅም። ሁሉም ከማለቃቸው በፊት አንድ ዓይነት ጠመም ይላሉ፤ ወደ ቀኝ፥ ከዚያ ወደ ታች፥ ከዚያ ይንቀጠቀጡና ይቆማሉ። ምን እንደሆነ ገና ሳየው ነው የገባኝ። የመኪናውን እግር ተደግፈህ ስትነሣ ነው። እጅህ ነው። እጅህ አሥራ አራት ጊዜ ተጽፏል።

ሽማግሌዎቹ ነገ ይመለሳሉ። እነሱም የሚፈልጉት የጠራ መስታወት ነው፤ ጀግናውን ትተው ሌላውን ሊፍቁልኝ ነው። መስታወቱን መስኮቱ ላይ አቁሜ ባሌ ይህን ሲሠራ ሞተ እላቸዋለሁ። ካልጻፉት ይቅር።

ጧት ሳየው እጄ ልማዱ ሆኖ ወደ ምላጩ ሄደ። ጠማማ ጫፍ ያለው መሥመር፥ የደፈረሰ ጠርዝ፥ እኔ የማጠራው ነው። ምላጩን አንሥቼ ወጣሁና ጠንበለሉ ሥር፥ ከሦስቱ ድንጋዮችህ አንዱን ገልብጬ ከሥሩ ቀበርሁት። ይህን መስታወት እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አያጠራውም። የምረሳህ ቀን ቢኖር ያ እጅ ከዚያ ላይ የጠፋ ቀን ነው፤ እሱ ደግሞ አይጠፋም፥ አጽኚውን ሁለት ጊዜ ነው ያጠጣሁት።

ያልጠራኸኝ ሚስትህ፥
ጥሩወርቅ